ስድስት ጠርሙስ ማር ለአንድ ዳውላ ገብስ

ሰባት ገንቦ ማር ባለበት ቤት ሰው ይራባል ብሎ የነገረኝ ቢኖር ኖሮ፣ ሰውዬው ጠጅ አብዝቷል ብዬ ባለፍኩት። ከብቱ ባለቀበት በዚያ ዓመት ግን ሰባቱ ገንቦዎች እንደ ሹማምንት ግድግዳውን ተደግፈው ተደርድረዋል፤ እኔና ሚስቴ ደግሞ ከሥራቸው ቁጭ ብለን የሆዳችንን ጩኸት እናዳምጣለን። ንብን የከብት በሽታ አይይዛትም። በሬው በቀንበሩ ሥር ሲወድቅ፣ ገበሬው ሞፈሩን ለማገዶ ሲፈልጥ፣ የየካ ንቦች ምንም እንዳልሰሙ ከአበባ አበባ ይዞራሉ። እንዲያውም ማሩ ካለወትሮው በዛ፤ ያልታረሰው ማሳ ሁሉ አበባ ለብሶ ነበርና። እግዜር ያን ዓመት ጥርስ ለሌለው ቆሎ ሰፈረ።

ቤታችን ከእንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ወደ የካ ሲወርዱ፣ ጥዱ ሳሳ ከሚልበት ዳገት ላይ ነበር። ማሩን ከባለቀፎዎች እየገዛሁ እንጦጦ ገበያ አወጣለሁ። ደንበኞቼ ጠጅ ጣዮች ነበሩ። ጠጅ ጣይ ማር ሲገዛ ንጹሕ ነው አይደለም ብሎ አይጨነቅም፤ ሰፈፉም፣ የሞተው ንብም፣ ስንጥሩም አብሮ ይገባል፤ ጌሾው ሁሉንም ያስታርቃቸዋል። እኔም ይህን አውቄ ከገንቦው አፍ ላይ ነጩን፣ ከሥር ጥቁሩን እያደረግሁ ስሸጥ ኖሬአለሁ። ሸክላ ምስጢር ይጠብቃል። ይህን የምለው ንስሐ ለመግባት አይደለም፤ ማር በገንቦ የሸጠ ሁሉ ያደርገዋል፤ አላደረግሁም የሚል ካለም ገንቦውን ገልብጦ ያሳየኝ።

ያን ዓመት ግን ጠጅ የሚጥል ጠፋ። ገበያ መሐል «ማር! ማር!» ስል አንዲት ሴት ቆም ብላ አየችኝና፣ «አንተ፣ ማንን አጥግበህ ነው የምታሰክረው?» ብላኝ ሄደች። ገንቦዬን ጭኜ ወደ ቤቴ ተመለስሁ።

በዚህ መሐል ሚስቴ ወለደች። ሴት ልጅ። እልልታው አለቀና ሴቶቹ አራስ ሊጠይቁ መጡ፤ እጃቸውን ነጠላቸው ውስጥ ደብቀው። ባዶ እጅ መሆኑን ሁላችንም አውቀናል፤ ማንም አላነሣውም። በደህናው ዘመን ቢሆን አራስ ቤት የሚገባ ገንፎ ተሸክሞ ነው የሚገባው፤ አንዱ ጣባ ሳይነሣ ሌላው ይቀመጣል፤ አራስ በቃኝ ብላ እስክትለምን ድረስ። እነዚያ ሴቶች «ማርያም ትማርሽ» ብለው ተነሡ። እኔም ለየአንዳንዳቸው በቤታችን ቅል ማር ሞልቼ ሸኘኋቸው። ጠያቂ አራስ ቤትን ሲመግብ እንጂ አራስ ቤት ጠያቂውን ሲመግብ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው።

ለሦስት ቀን ብርዝ በጥብጬ ሰጠኋት። ማሩ ያዛት፤ ፊቷ ፈካ አለ። በአራተኛው ቀን ሆዷ እንቢ አለ። በአምስተኛው ቀን ጣባውን ሳቀርብላት ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች።

«ሌላ ነገር የለም?»

«ማር አለ።»

«ሰውዬ፣ ሴት ነው ወይስ ንብ ነው ያገባኸው?»

ሳቅሁ። እሷ ግን አልሳቀችም። ሕፃኗ ትጠባለች፣ ትለቃለች፣ ታለቅሳለች፣ እንደገና ትይዛለች። ሚስቴን ያዋለደቻት ጎረቤታችን፣ እትዬ የምንላት ባልቴት፣ በስምንተኛው ቀን ጎትታ ደጅ አወጣችኝ።

«ጡቷ እየደረቀ ነው» አለችኝ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ገብስ ያልቀመሰች አራስ ወተት ከየት ታመጣለች? ይቺ ልጅ ደግሞ ማር ልሳ አታድግም። ገብስ ፈልግ።»

«ከየት እትዬ?»

«እኔን ትጠይቀኛለህ? ነጋዴ አይደለህ? የሌለውን ስትሸጥ ኖረህ የሌለውን መግዛት አቃተህ?»

በማግስቱ ረቡዕ ነበር። አንዱን ገንቦ አህያዬ ላይ ጭኜ እንጦጦ ወጣሁ። እህል የሚባል ነገር ከገበያው ከጠፋ ሰንብቷል፤ ያለው ሰውም እንደ ሰረቀ ሰው ደብቆ ነው የሚሸጠው። ፀሐይ እስክትጠነክር ቆሜ ዋልሁ። ከዚያ አንድ ሰው መጣ፤ ነጭ ሱሪ፣ ያልተቀደደ ኩታ፣ ጠግቦ ያደረ ፊት። ቆዳና ዝባድ ከሚገዛ አንድ ፈረንጅ ቤት የሚያድር ሎሌ ነው፤ በገዛ አንደበቱ አዛዥ ነኝ ይላል። በዚያ ዓመት ጠግቦ ያደረ ሁሉ አዛዥ ነበር፤ እኔም አዛዥ አልኩት።

ጣቱን በገንቦው አፍ ነክሮ ላሰ።

«የየት ነው?»

«የየካ ነው ጌታዬ። ነጭ ነው።»

«ከላይ ነጭ ነው። ከሥሩስ?»

ይህም ሰው ድሮ ነጋዴ ኖሯል አልኩ በልቤ። ቁልቁል እያየ እንዲህ አለኝ፦ «ጌታዬ በባሕሩ ጠረፍ ላለ ወዳጁ ማር ሊልክ ይፈልጋል። ፈረንጅ ደግሞ ያላየውን አይቀበልም። በሸክላ ቢያመጡለት ሦስቱን መለሰ፤ ባንዱ ውስጥ የእንጨት ቅርፊት፣ ባንዱ ውስጥ እንሽላሊት አገኘ። በጠርሙስ አድርገህ ታመጣለህ። ስድስት ጠርሙስ፣ አፉ ሰፊ፣ ከወዲህ ቆሞ ወዲያ ማዶ የሚያሳይ ማር። ቅዳሜ ጧት። ዕቃውን የሚወስደው የነጋዴ ሲራራ ሰኞ ይነሣል።»

«ዋጋውስ?»

ወዲያ ወዲህ አየና ጠጋ አለኝ። «አንድ ዳውላ ገብስ።»

አንድ ዳውላ ማለት ሃያ ቁና ነው፤ ለአራስና ለጠባቂዋ እስከ ክርስትናው የሚዘልቅ። ነጋዴ ደስታውን አያሳይም፤ እኔም ፊቴን ኮስተር አድርጌ «ዋጋው ትንሽ ነው» አልኩት። እሱም አንጀቴን አይቶ «እንግዲያው ተወው» አለና መንገድ ጀመረ። አሥር እርምጃ ሮጬ ያዝኩት። በሕይወቴ ገዢ አሳድጄ የያዝኩበት ቀን ያ ነው።

ጠርሙስ ያለው አንድ ሰው ብቻ ነበር። ከቆላው በኩል የመጣ ሽማግሌ፣ ከገበያው ዳር ካለ ጥድ ሥር ዶቃና መስተዋት ዘርግቶ የሚቀመጥ። ማንም አይገዛውም፤ የተራበ ሰው ፊቱን በመስተዋት ማየት አይፈልግም። ጠርሙሶቹን ገለባ በሞላው ቅርጫት ውስጥ እንደ እንቁላል አስተኝቷቸዋል።

«አባቴ፣ አፋቸው የሰፋውን ያሳዩኝ።»

«ለምንህ?»

«ለማር።»

አየኝና «ማር በጠርሙስ! ቅል አለቀ?» አለኝ። ግን ሲያስመርጠኝ አልሰነፈም። «በጥፍርህ ንካው ልጄ። ጤነኛው ይዘፍናል፤ የተሰነጠቀው ያስላል። ከዚያ ወደ ፀሐይ አንሣው፤ ብርጭቆው ውስጥ የአየር ፊኛ ካለ ተወው። ከዚያ አውራ ጣትህን በከንፈሩ ዙሪያ አሂድ፤ ደም ካላወጣህ ግዛው።»

ቁጭ ብዬ አንድ በአንድ ነካሁ። አንገተ ቀጫጭኖቹን ተውኩ፤ የእንጦጦ ብርድ ማሩን ሲይዘው በዚያ አንገት ማስገባትም ማውጣትም የማይሆን ነው። የሚያስሉትን ለየሁ፤ ፊኛ ያለባቸውን ለየሁ። ስድስት የሚዘፍኑ፣ እጅ የሚያስገቡ፣ ውሃ የመሰሉ ጠርሙሶች ተገኙ።

«ስንት ይላሉ?»

«የለበስከው በርኖስ ስንት ነው?»

«በርኖሱ አይሸጥም አባቴ።»

«ጠርሙሱም አይሸጥም እንግዲህ።»

በማር ልለውጥዎ አልኩት፣ ቆላ ማር ሞልቷል አለኝ። አሞሌ ልጨምር አልኩት፣ ሳቀብኝ። በርኖሱ የአባቴ ነበር፤ ዝናብ የማያሳልፍ። አወለቅሁት። ሽማግሌው ደግ ሰው ነበርና ምራቂ ብሎ ሰባተኛ ጠርሙስ ጣለልኝ፤ ከንፈሩ ወደ አንድ ወገን የተጣመመ። ስለ መጋጨት መከረኝ፣ በገለባ ጠቅልሎ አሸከመኝ። ስለ እሳት አንድም ቃል አልተናገረም፤ እኔም አልጠየቅሁም። ነጋዴ ሲገዛ አዋቂ መምሰል አለበት፤ ይህ ልማድ ብዙ አስከፍሎኛል።

ሐሙስን ሙሉ ማር ሳጠልል ዋልሁ። ከሰባቱ ገንቦ ነጭ ነጩን ቀዳሁ፤ ከምድጃው ራቅ አድርጌ ለዘብ እንዲል አስቀመጥሁ፤ ከዚያ የሚስቴን ስስ ነጠላ ሁለት እጥፍ አድርጌ በእንስራ አፍ ላይ ወጠርኩና አፈሰስኩበት። ማር በብርድ አገር ሲጠልል ማየት ሹም ሲፈርድ እንደ ማየት ነው፤ ይመጣል፣ ይመጣል፣ አይደርስም። ከመጋረጃው ወዲያ ሕፃኗ ታለቅሳለች። ከዚያ ዝም ትላለች።

ዓርብ ጧት ጠርሙሶቹን በግራዋ ቅጠል አጠብኩ። እትዬ አጠገቤ ተቀምጣ ታያለች።

«ሳታጥነው ልትሞላው ነው?»

«ብርጭቆ ነው እኮ እትዬ።»

«ዕቃ አይደለም? ባልታጠነ ዕቃ የሰው ምግብ ይገባል? ፈረንጅ ቢሆንስ ሰው አይደለም?»

በእሷ ላይ ማላከክ አይገባኝም። ወይራውን እኔው ራሴ ከንጋት ጀምሮ ፈልጬ አዘጋጅቼ ነበር። ሳይታጠን የሚሞላ ዕቃ በቤታችን አይታወቅም፤ ወተት፣ ጠላ፣ ውሃ እንኳ ቢሆን። ያልታጠነ ዕቃ ባለቤቱን ያሰድባል። አንድ ዳውላ ገብስ የሚያመጣ ማር ደግሞ ከሁሉ አብልጦ መታጠን አለበት ብዬ አምኜ ነው።

የመጀመሪያውን እሳቱ ገና ሳይግም በሚጨሰው ወይራ ላይ ደፋሁት። ዕድሜዬን ሙሉ ዕቃ እያጠንኩ ጢሱ ከውስጡ ገብቶ ምን እንደሚሠራ አይቼ አላውቅም ነበር። ነጭ ጢስ ተሽከርክሮ ወጣ፣ የጠርሙሱ ጣሪያ ሲይዘው ተመለሰ፣ እንደ ታሰረ ፈረስ ዞረ። ሁለታችንም አፋችንን ከፍተን አየን። ጠርሙሱ እንደ ቅል ቡናማ ሆኖ ወጣ። አሸተትነው፤ ደስ አለን። እትዬ «እሰይ! አሁን ዕቃ ሆነ» አለች።

ሁለተኛውን ስደፋው ፍሙ ጠንክሮ ነበር። «ቋ!» አለ። ታቹ ለብቻ ወደቀ።

«ያ ሽማግሌ አታለለኝ» አልኩ። ሦስተኛውን መርጬ፣ በጥፍሬ ነክቼ፣ ሲዘፍን ሰምቼ ደፋሁት። ይህኛው እሳቱን ቻለ። ሞቆ ሲወጣ ግን ገና በእበት የተለቀለቀው እርጥብ ወለል ላይ አስቀመጥኩት፤ ከላይ እስከ ታች እንደ ሐረግ ያለ መስመር ወጣበት። አራተኛውን «በእጄ ይዤ አጥናለሁ» ብዬ በጨርቅ ያዝኩት፤ ጥላሸቱ ስለ በዛ በእርጥብ ግራዋ ጠረግ ባደርገው ለሁለት ተከፍሎ እጄ ላይ ቀረ።

ከመጋረጃው ወዲያ የሚስቴ ድምፅ መጣ።

«ስንተኛው ነው?»

«ሦስተኛው ነው የተሰበረው።»

በእናቷ ቋንቋ አንድ ነገር ተናገረች፤ ገብቶኛል፣ አልጽፈውም። ከዚያ ቆይታ፣ በደከመ ድምፅ፣ «ሸክላ ጢሱን ይጠጣዋል። ይሄ በምኑ ይጠጣዋል?» አለች።

እትዬም እኔም ተያየን። ሁለታችንም በዕድሜ እንበልጣታለን፣ ሁለታችንም አዋቂዎች ነን፣ ሁለታችንም እጃችን ጥላሸት ነው። እሳቱን ውሃ ደፋሁበት።

ሽማግሌውን ፍለጋ በሩጫ ወደ እንጦጦ ወጣሁ። ሐሙስ ማለዳ ወደ ቆላ ወርዷል አሉኝ፤ «ጥሩ በርኖስ ለብሶ» ብሎ ጨመረልኝ የነገረኝ ሰው። ሌላ ጠርሙስ ያለው የለም። ተመልሼ የቀረኝን ቆጠርኩ፤ ሁለት ጤነኛ፣ አንድ ከንፈረ ጠማማ፣ አንድ በጢስ የጠቆረ። ጥቁሩን በአመድ፣ በአሸዋ፣ በሙቅ ውሃ አሸሁት፤ ቀለሙ ገረጣ እንጂ ሽታው አልለቀቀም።

ያጠለልኩትን ማር ለዘብ አድርጌ በእንጨት ማማሰያ ጀርባ ላይ እያንሸራተትኩ፣ ነፋስ እንዳይዝ ቀስ ብዬ ሞላሁ። አረፋው ሲወጣ በማንኪያ ገፈፍኩት፤ እንደገና ወጣ፣ እንደገና ገፈፍኩ። በሸክላ ቢሆን አንድ ጊዜ አፍስሼ በሄድሁ። በጠርሙስ ግን አንዲት የንብ ክንፍ ብትቀር ከሩቅ ትታያለች። ለመጀመሪያ ጊዜ ከላይም ከሥርም አንድ ዓይነት ማር ሸጥሁ። ሐቀኝነት እንዲህ ነው የሚመጣው፤ ዕቃው ሲያስገድድ። አፋቸውን በሰም ደፍኜ በጨርቅ አሰርኩ። ጥቁሩን ግን በጥቁር ማር ሞላሁት፤ የማሩ መልክ ነው ይባልልኝ ብዬ። ልማድ በአንድ ቀን አይለቅም።

ቅዳሜ ጧት በፈረንጁ ግቢ ደጃፍ አዛዡ ጠርሙሶቹን አንድ በአንድ ወደ ፀሐይ አነሣ። ማሩ በራ። ሁለቱን አስቀመጠ። ሦስተኛውን ሲያይ ቅንድቡን ሰበሰበ።

«ይሄ አፉ ጠማማ ነው።»

«ማሩ ቀጥ ያለ ነው ጌታዬ።»

አልሳቀም። አራተኛውን አነሣ፤ አሸተተ፤ ሰሙን በጥፍሩ ፈልቅቆ በጣቱ ላሰ። ዓይኑን ለአፍታ ጨፈነ።

«አጠንከው?»

«አጠንኩት።»

«በወይራ?»

«በወይራ።»

«አንተ ደደብ» አለኝ፤ ግን ቁጣ በሌለው ድምፅ። «ሌሎቹስ የት አሉ? ስድስት ነበር ያልነው።»

ልዋሽ አሰብሁ። አህያዋ ወደቀች ልል፣ ሌባ ወሰዳቸው ልል። ሃያ ዓመት የነገድኩበት ምላስ አፌ ውስጥ ተኝቶ ቀረ። «እያጠንኳቸው ሳለ ተሰበሩ» አልኩ። «ቤቴ አራስ አለች። ጡቷ ደረቀ። የፈለግኸውን ያህል ስጠኝ።» በቃ፤ ነጋዴ እንዲህ ካለ ነጋዴነቱ አበቃ። እርስዎ ማለቱ ራሱ ጠፍቶብኝ አንተ አልኩት።

«አራስ የሌለበት ቤት ካለ አሳየኝ» አለ። ግን ወደ ውስጥ ገባ። ቁናውንና የገብስ ስልቻውን ይዞ ወጣ። ሰባት ቁና ሰፈረልኝ። በየቁናው አናቱን በመዳፉ ይጠርጋል፤ የተጠረገው እኩሉ ስልቻው ውስጥ ይመለሳል፣ እኩሉ መሬት ይፈስሳል። ጥቁሩን ጠርሙስ ከኋላው አስቀመጠው። «ይሄ ለድካሜ ይሁን» አለኝ።

ሰፍሮ ሲጨርስ ተንበረከክሁና የፈሰሰውን ገብስ ከአቧራው ለቅሜ በኩታዬ ጫፍ ቋጠርኩ። ደጃፉ ላይ ሰዎች ቆመው ያዩኛል። አዛዡ እግሩን አነሣ፤ ከጫማው ሥር ያለውንም እንዳነሣ። አነሣሁት።

ቤት ስደርስ እትዬ ቃል ሳትናገር ሁለት እፍኝ ወስዳ አመሰች፤ ሙቀጫ ውስጥ ጨምራ መውቀጥ ጀመረች። ያኔ ነው የደነገጥኩት። የሙቀጫ ድምፅ በዚያ ዳገት ላይ ከተሰማ ወር አልፎታል። ዱም፣ ዱም ሲል ከየካ እስከ ላይኛው ጥድ ድረስ የሚያስተጋባ መሰለኝ።

«እትዬ፣ ቀስ በይ።»

«ቀስ ብሎ የሚፈተግ ገብስ አምጣና ቀስ እላለሁ።»

ከዚያ ወፍጮው ቀጠለ። እሱም አዋጅ ነጋሪ ነው። ገንፎው ተገንፍቶ፣ ቅቤ የለውም፣ ለሚስቴ በጣባ ቀርቦላት፣ የመጀመሪያውን ጉርሻ እንደ ዋጠች፣ ከደጅ ድምፅ መጣ።

«ቤቶች! እንደምን ዋላችሁ ቤቶች!»

አወቅሁት። ሚስቴን ምጥ በጠናባት ቀን ከምንጭ ውሃ ስታመላልስልን የዋለችው ሴት ናት። ከእሷ ኋላ ሌላ ሳል ተሰማ፣ ከዚያም ሌላ። ጀርባዬን ለመዝጊያው ሰጥቼ ቆምሁ። የሚስቴ ወተት ከዚያ ወዲያ በሦስተኛው ቀን ተመለሰ፤ ያን ሰዓት ግን ይህን አላውቅም፤ የማውቀው ጣባው ገና እኩሉ እንዳለ ብቻ ነበር።

«ክፈት» አለች ሚስቴ በሹክሹክታ።

«መጀመሪያ ጨርሺ።»

«ይሰሙናል እኮ።»

«ይስሙ። ጨርሺ።»

ዓይኗን ከዓይኔ ሳትነቅል በላች፤ ፈጥና፣ ጣቷ እየተቃጠለ። እትዬ ፊቷን ወደ ወፍጮው አዙራ የተፈጨውን ታብሳለች። ከውጭ «ቤቶች!» አሉ ለሁለተኛ ጊዜ። ለሦስተኛ ጊዜ አላሉም፤ አልሄዱምም። ሚስቴ የጣባውን ግድግዳ በጣቷ ዞራ ጠረገችና አኖረችው። ያኔ መዝጊያውን ሳብሁት። አራት ሆነው ቆመዋል፤ እያንዳንዳቸው ባዶ ቅል ይዘዋል፤ ማንም ወደ ውስጥ አይመለከትም።